ወደ ታች የሚሮጥ ከተማ

ሚያዝያ 22 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፣

ቴሌግራምህ ትናንት ደረሰኝ። አንተ ወረፋ ስታይ ሆድህን የሚቆርጥህ ሰው፣ ሦስት ቃል ለመላክ ፖስታ ቤት ተሰልፈህ መዋልህን ሳስብ ከስንት ቀን በኋላ ፈገግ አልኩ።

ለጥያቄህ መልሱ አዎ ነው፤ ደህና ነን። አባባ ትንሽ ያስላቸዋል እንጂ ደህና ናቸው። እኔም እበላለሁ፣ እሠራለሁ። ወንዙ መሙላቱ እውነት ነው። ውሃ መጣ፣ ሄደ። የገበያው ሜዳ ላይ ጭቃ ትቶ ሄዷል። ስፌት ቤቴ ከላይ በኩል ስለሆነ ጠብታ አልነካውም፤ የስፌት መኪናዬም እንደ ድሮዋ ክር መበጠስ አልተወችም።

ሰላም ያሉህን ካልዘረዘርኩ ታኮርፋለህ። የጫማ ሰፊው ሚስት ሰላም ብላሃለች። ጸጉር ቆራጩም ሰላም ብሎ፣ መላጣው እስከ የት ደረሰ በይልኝ ብሏል። ባለወፍጮዋን አላገኘኋትም። ሌሎቹንም እንዲሁ።

ልጄ ሁልጊዜ ከደብዳቤዬ ግርጌ በራሷ እጅ የምትጽፍልህን መስመር በዚህኛው አታገኘውም። ፖስታው ሊሄድብኝ ሆኖ ተጣድፌ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ።

እህትህ


ግንቦት 5 ቀን

እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ልቤ ግን አላረፈም።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ድመት ስፌት ቤትሽ ውስጥ ወለደች ብለሽ ሁለት ገጽ ሙሉ የጻፍሽልኝ ሴት፣ "ውሃ መጣ፣ ሄደ" ብለሽ ስታልፊው የደበቅሽኝ ነገር አለ አልኩ። ጫማ ሰፊውስ? ሚስቱ ሰላም ስትለኝ እሱን ምን ዋጠው? እግርህ የዳክዬ ነው ብሎ ሳይሰድበኝ ያለፈ ደብዳቤ አላስታውስም።

ወንዙ መሙላቱን መጀመሪያ የነገረኝ ወደዚህ ወደብ ዕቃ ያመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ባለፈው ሰኞ ደግሞ የመጋዘኑ ዘበኛ ዳቦውን የጠቀለለበት ጋዜጣ እጄ ገባ። አራት መስመር ነው። በአንዲት ትንሽ የገበያ ከተማ በደራሽ ውሃ ሰዎች መሞታቸውን፣ ምክንያቱም "ደወል በስህተት በመመታቱ" መሆኑን ይናገራል። የከተማዋን ስም አልጻፈውም። ግን በደወል የሚገበያይ ሌላ ከተማ የት አለ?

መሥሪያ ቤት ያሉት ጓደኞቼ ከተማህ በምን ትታወቃለች ሲሉኝ፣ በሩጫ እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ድሮ ነጋዴ ለጥሩ ቦታ ሲል በቢላ ይቋሰል እንደነበር እነግራቸዋለሁ። አያታችን ከአንድ ከፈረሰ ፋብሪካ ደወል አምጥተው ከገበያው ሜዳ በላይ ያለው ጉብታ ላይ እንደሰቀሉት፣ ሦስት ጊዜ ሳይመታ ማንም ሜዳው ላይ ጆንያ እንዳይፈታ ሕዝቡ እንደተማማለ። ሜዳው የማንም አይደለም፣ ቦታውም ቀድሞ ለደረሰ ነው፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ሸክሙን ይዞ ከላይ በየሱቁ ደጃፍ ይቆማል፣ ደወሉ ሲመታ ተንደርድሮ ወደ ታች ይወርዳል። ምርኩዝ የያዙ አሮጊት ሳይቀሩ ሲወርዱ ማየት ነው። ከተማው የተሠራው በዚያ ሩጫ ዙሪያ ነው፤ መንገዶቹ ሁሉ ወደ ታች የሚሰፉት ለዚያ ነው። ይህን ሁሉ በኩራት ነበር የማወራው።

ደወሉን የመታው ማን ነው? ገመዱን ከአያታችን የተረከቡት አባባ እንዳይሆኑ ብቻ።

የእህቴ ልጅ ያስቀረችብኝን መስመር እጥፍ አድርጋ ትክፈለኝ።

ወንድምሽ


ግንቦት 19 ቀን

ወንድሜ፣

ስላልነገርኩህ ይቅርታ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፤ ጋዜጣ ካወራው ግን የእኔ መደበቅ ምን ይረባል።

የመቱት አባባ ናቸው።

ሐሙስ ጠዋት ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ እኛ ዘንድ ጠብ ያለ ዝናብ የለም። የዘነበው ሩቅ፣ ከተራራው ማዶ ነበር። ሰው እንደ ወትሮው ሸክሙን ይዞ ከላይ ቆሟል። ሜዳው ላይ የነበሩት ከብት ሊያጠጡ የወረዱ አሥር አሥራ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አባባ ጉብታው ላይ ሆነው፣ ዛፍ ከነሥሩ የተሸከመ ቡናማ ውሃ በወንዙ መታጠፊያ ብቅ ሲል አዩ። ጮሁ። የእሳቸው ድምፅ የት ይደርሳል? ገመዱን ያዙና ለነዚያ ለአሥራ ሁለቱ ሰዎች ሳያቋርጡ መቱ።

ለገበያ የሚመታው ሦስቴ ነው፤ የዚያን ቀን ሃያም ሠላሳም ጊዜ መተዋል። ግን የመጀመሪያውን ሰምቶ አራተኛውን የሚቆጥር እግር በዚህ ከተማ አልተፈጠረም። ከላይ የቆመው ሁሉ ወረደ። አባባ ሰው ሲወርድ ሲያዩ ጭንቀታቸው ባሰ፤ አጥብቀው መቱ። አጥብቀው በመቱ ቁጥር ሰውም አጥብቆ ሮጠ።

አርባ አንድ ሰው ውሃ በላው። ጫማ ሰፊው ሳጥኑን በራሱ ላይ ተሸክሞ ከፊት ነበር። የባለወፍጮዋ ባልም ሄደ። ገመድ ሻጮቹ ወንድማማቾች ሁለቱም። የቀሩትን አሁን መጻፍ አልችልም፤ አትጠይቀኝ።

ሦስት አጣሪዎች ከበላይ መሥሪያ ቤት ተልከው ማዘጋጃ ቤት ተቀምጠዋል። ሜዳው ዳር የመታሰቢያ ድንጋይ ይቆማል ተብሏል። ከታች ስሞቹ፣ ከስሞቹ በላይ ደግሞ "በደወል መቺው ስህተት ሕይወታቸው ያለፈ" የሚል መስመር ይቀረጻል። ድንጋይ ጠራቢው በእርሳስ ጽፎት ውሳኔያቸውን እየጠበቀ ነው። ሐምሌ ሲገባ በመሮ ይወርድበታል። እኔም አንተም ሞተን ይህ ጽሑፍ እዚያው ይኖራል።

አባባን ሰላም የሚላቸው ሰው የለም። ሲያልፉ ሰው ሁሉ የገዛ ጫማውን ያያል። ባለወፍጮዋ እህላችንን ትፈጭልናለች፣ ግን ከረጢቱን መሬት አስቀምጣ ፊቷን ታዞራለች። እሳቸው ጎንበስ ብለው ያነሱታል። ይሄ ነው አንጀቴን የሚበላው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። አጣሪዎቹ አባባን "ለአደጋ የሚመታ ሌላ ነገር አልነበረም ወይ?" አሏቸው። ነበር እንጂ። ከደወሉ ጥቂት እርምጃ ከፍ ብሎ፣ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ የተንጠለጠለው የሐዲድ ቁራጭ። እሱ በመዶሻ ሲመታ ሰው ወደ ላይ ነበር የሚሮጠው። ልጆች ሆነን ሱቆቹ የተቃጠሉ ጊዜ እንዴት እንደሮጥን አትረሳውም፤ አዝዬህ ነበር። አሁን ሐዲዱ የለም። መቼ ጠፋ ሲሏቸው አባባ "አላስታውስም" አሉ። አባባ የማያስታውሱት ነገር ኖሮ ያውቃል? አንተ ከመሄድህ በፊት ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበርክ። የምታውቀው ካለ ጻፍልኝ።

ልጄ አሁን አትጽፍም። አትጨቅጭቃት።

እህትህ


ሰኔ 2 ቀን

እትዬ፣

ምን ብዬ ልጻፍልሽ? ስለ ጫማ ሰፊው ያልሽውን ካነበብኩ በኋላ ጫማዬን አውልቄ እግሬን እያየሁ ተቀመጥኩ። እውነትም የዳክዬ ነው።

እዚህ ሙቀቱ አልቻል ብሏል። አዲስ አለቃ መጥቶብናል፤ ወረቀት ይበራል ብሎ መስኮት አያስከፍትም። ስድስት ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ እየቀለጠ የመርከብ ዕቃ ይመዘግባል። ለአባባ የሳል መድኃኒትና የሱፍ ሹራብ ልኬያለሁ። ሹራቡ እጅጌው ሳይረዝምባቸው አይቀርም፤ አንቺ ታሳጥሪዋለሽ። ለእህቴ ልጅ ሰማያዊ ብዕር አለበት። አኩርፋኝ ከሆነ በእሱ ትታረቀኝ።

ስለ ሐዲዱ ላነሳሽው፣ ነገሩ አሥራ አራት ዓመት አልፎታል፤ ማን ያስታውሳል? ዝጎ ወድቆ ይሆናል። ደግሞስ ቢኖር ምን ይለውጥ ነበር? ሰው በዚያ ድንጋጤ ብረትና ደወል አይለይም። የማዘጋጃ ቤቱን በር ተሸክሞ መቆሙ ይሻላል፣ ቢያንስ አንድ ነገር ይደግፋል። አባባ አርጅቻለሁ፣ ዓይኔም ደክሟል ብለው ቢናገሩ በሰማንያ ዓመታቸው የሚጨክንባቸው የለም። ድንጋይ ላይ የተጻፈን ነገርስ ማን ቆሞ ያነባል? ባይሆን እኔ ዘንድ አምጪያቸው። ክፍሌ ጠባብ ናት፣ ግን አልጋውን ለሳቸው እለቃለሁ።

በናትሽ ብዙ አትዘኚ። ነገር አታብሰልስይ።

ወንድምሽ


ሰኔ 12 ቀን

ወንድሜ፣

ሐዲዱ የለም አልኩህ እንጂ የት እንዳለ አልነገርኩህም። አላውቅም ነበርና። የማዘጋጃ ቤቱን በር በደብዳቤህ ያነሳኸው አንተ ነህ።

ደብዳቤህን አጥፌ ሳልጨርስ ሄድኩ። ስንት ዓመት ገብቼ የወጣሁበት በር ነው፤ ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም። ከላይ በአንድ ጥግ ልስኑ ተላጦ ብረቱ ይታያል። መዶሻ ያጎደጎደው ቦታ እንኳ እንዳለ አለ። መዝገብ ቤት የምትሠራው ሴት የዚያን ዓመት ፋይል አወጣችልኝ። "ለአንድ ከተማ አንድ ደወል ይበቃል፤ ብረቱ ለአዲሱ በር ድጋፍ ይዋል" ይላል። ከሥሩ ያቺ የምትጠማዘዝ ፊርማህ አለች። ስትለማመዳት የደብተሬን ጀርባ የጨረስክብኝ ፊርማ።

አባባን አፋጠጥኳቸው። ያኔ ቢሮህ ድረስ መጥተው፣ የገበያውን ጥሪ ከአደጋው የሚለየው ድምፁ ነው፣ አታንሳው ብለው ሰው ፊት ለምነውህ ነበር። አንተ "አባባ፣ ጊዜው ተለውጧል" ብለህ ወንበር እንኳ ሳትስብላቸው ሸኘሃቸው። ለአጣሪዎቹ "አላስታውስም" ያሉት ለምን እንደሆነ አሁን ገባህ? "ልጄ በሰው አገር ነው፤ ያለው ስሙ ብቻ ነው" አሉኝ። ለማንም ትንፍሽ እንዳልል፣ ላንተም እንዳልጽፍ አስማሉኝ። ይኸው መሐላዬን አፈረስኩ።

ወረቀቱን እኔ ወስጄ አጣሪዎቹ ፊት ባስቀምጠው አባባ እስኪሞቱ ዓይኔን አያዩም። አንተ በገዛ እጅህ ብትጽፈው ግን ማን ይከለክልሃል? ድንጋይ ጠራቢው ሐምሌ አምስት ቀን መሮውን ያነሳል።

አምጪያቸው ብለሃል። ሰማንያ ዓመት ከኖሩበት ከተማ እንደ ሌባ በጓሮ እንዲወጡ?

መድኃኒቱ ደርሷል። ብዕሩም ደርሷል። በዚህ ደብዳቤ ሰላምታ የለም፤ የእኔም ቢሆን።

እህትህ


ሰኔ 25 ቀን

እትዬ፣

ዓይኔን በጨው አጥቤ ነበር የጻፍኩልሽ፤ ደረስሽብኝ። ደብዳቤሽን ኪሴ አድርጌ አሥር ቀን ያህል ሥራ ገባሁ፣ ወጣሁ። ሰው ሲያናግረኝ እመልሳለሁ፣ ምን እንዳልኩ ግን አላውቅም።

ከዚህ ጋር ያለውን ወረቀት ለአጣሪዎቹ ስጪልኝ። አላሸግኩትም፤ መጀመሪያ አንቺ አንብቢው። ረጅም አይደለም። "ደወል መቺው አልተሳሳቱም። ሌላ የሚመቱት ስላልነበራቸው ያላቸውን መቱ። ሌላውን ያነሳሁት እኔ ነኝ" ይላል፤ ከነሙሉ ስሜ።

ምክንያት ላቅርብልሽ ብል የለኝም። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከንቲባው አዲስ በር ሲያሠራ ወፍራም ብረት ጠፋ፤ እኔ አገኛለሁ ብዬ ዘልዬ ተነሳሁ። ሐዲዱ የዛገ፣ ወፍ የሚያርፍበት፣ የሚያሳፍር አሮጌ ነገር ነበር የሚመስለኝ። ከንቲባው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ለዚያ ነው። አባባ መጥተው ሲለምኑኝ ጸሐፊዎቹ ተያይተው ሳቁ። እኔም አፈርኩ። በራሴ አይደለም፣ በሳቸው ነው ያፈርኩት። ይህንን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ልምጣ? ወይስ ፊቴን ማየት አትችሉም? ያልሽኝን አደርጋለሁ።

የእህቴ ልጅ የሠራሁትን ሰምታ ከሆነ ታዝንብኝ። ስድብም ቢሆን ግን አንድ መስመር ትጻፍልኝ። የእሷ ጽሕፈት ከናፈቀኝ ቆየ።

ወንድምሽ


ሐምሌ 14 ቀን

ወንድሜ፣

ወረቀትህ በጊዜው ደረሰ። የአጣሪዎቹ ሰብሳቢ ሁለቴ አነበበው፤ ከፋይሉ ጋር አስተያየው፣ ከዚያ ሐሙስ ዕለት ሕዝቡ በተሰበሰበበት ይነበባል አለ።

ገበያው አሁን የሚቆመው ከላይ፣ መንገዱ ዳር ነው። ደወሉ ከዚያን ቀን ወዲህ አልተመታም። ገበያው መቼ እንደሚጀመር ማንም እርግጠኛ አይደለም፤ አንዱ ጆንያውን ሲፈታ ሌላው አይቶ ይፈታል። የሚሮጥ የለም። አንዳንዶቹ ሸክማቸውን ሳያወርዱ እስከ ቀትር ቆመው የሚቆዩ አሉ።

ሲነበብ አባባ ጉብታው ሥር ተቀምጠው ነበር። ስምህ ሲጠራ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፉት። ተነቦ ካለቀ በኋላ ባለወፍጮዋ ከሰው መሃል ወጣች፤ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች መጥታ ፊታቸው ቆመችና "እንደምን ዋሉ?" አለቻቸው። በሦስት ወር ውስጥ የመጀመሪያው ሰላምታ ነው። "ደህና ነኝ፣ ልጄ" አሏት። ከዚያ ሌላውም አንድ አንድ እያለ መጣ። ጸጉር ቆራጩ እጃቸውን ይዞ አለቀሰ።

ቤት ስንገባ ግን አባባ ወደ እኔ ዞሩ። "እኔን አወጣሽና እሱን ከተትሽው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ስላንተ የሚጠይቀኝ የለም። መላጣህን እንኳ ያነሳ የለም።

ድንጋይ ጠራቢው የእርሳሱን መስመር በእርጥብ ጨርቅ አጠፋት። ድንጋዩ ላይ ያሉት አሁን አርባ አንድ ስሞች ብቻ ናቸው።

ሠላሳ ስድስተኛው የልጄ ስም ነው።

ቆመህ እንደምታነብ አውቃለሁ፤ ተቀመጥ። ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጀምሮ ዋሽቼሃለሁ። ያኔ፣ ወረቀት ላይ ካሰፈርኩት የምር ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ። ፊርማህን ካየሁ በኋላ ግን አውቄ ነው የደበቅኩህ። ለአባባ ብለህ እንድትጽፍ ፈለግኩ። የእሷን ሞት ብነግርህ በአንድ ቀን ትጽፈው ነበር፣ ግን ለሳቸው ብለህ አይሆንም። ለሳቸው ደግሞ ያ ይገባቸው ነበር።

ብቻህን ግን አትሸከመው። ደወሉ ሲጀምር ልጄ ስፌት ቤቱ በር ላይ ከጎኔ ቆማ ነበር፤ ቦታ የምንይዝበትን ጨርቅ በብብቷ ይዛለች። ሰው ሁሉ ሲወርድ እሷ ቆመች። "እማዬ፣ ከሦስት አለፈ እኮ፤ አያቴ ለምን አያቆሙም?" አለችኝ። ቆጥራ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የቆጠረችው እሷ ብቻ ናት። ቦታችንን ሊወስዱት ነው፣ ምን ትገተሪያለሽ፣ ሩጪ ያልኳት እኔ ነኝ።

ይህን ለአባባ አልነገርኳቸውም። ላንተ ብቻ ነው። ሰማያዊው ብዕር መሳቢያዬ ውስጥ ነበር፤ ይህን የምጽፍልህ በእሱ ነው።

ልምጣ ወይ ላልከው መልሱን አባባ ሰጥተዋል። ግንበኛ ጠርተው በሩን በእንጨት አስደገፉና ብረቱን አስወጡት። ወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ ድሮ በነበረበት፣ አሰቀሉት። እስካሁን ማንም አልመታውም። "ይህን ሕዝብ ወደ ታች መሮጥ ያስለመድነው አባቴና እኔ ነን" ይላሉ። "ወደ ላይ መሮጥን ደግሞ በደረቅ ቀን ካልለመደ ውሃ የመጣ ቀን እግሩ አያስታውሰውም።" ታዲያ ማን ይምታው ሲሏቸው "ያወረደው መጥቶ ይምታው" አሉ።

ስለዚህ ና። ሐሙስ ና፣ ሰው በሞላበት። በዋናው መንገድ ግባ እንጂ በጓሮ አትምጣ። ሰላም የሚልህ አይኖርም፤ የጫማ ሰፊው ሚስት ምናልባት ትሰድብህ ይሆናል፣ ዝም ብለህ ስማት። መዶሻውን አባባ ይሰጡሃል። ስትመታው ማንም ከቆመበት ላይነቃነቅ ይችላል። እኔ ግን ስፌት ቤቴ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ የመጀመሪያውን ስሰማ በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ በታመመ ጉልበቴ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ ወደ ላይ እሮጣለሁ።

እህትህ